አንድ መደርደሪያ ግጥም፣ አንድ የእጅ መዝገብ፤ ደሴ ያለ የኮሌጅ ላይብረሪ በእኔ ዓይን

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስቱ ሦስት ተኩል። ሁለቱ ከጠረጴዛው ኋላ ለሚቀመጡት ለጋሼና ለእጅ መዝገባቸው ነው። አንዱ ለመመረቂያ ጥናቶቹ ክፍል። ግማሿን የሰጠኋት ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ጦሳ ተራራን ፊት ለፊት ለሚያሳየው የመስኮት ዳር ወንበር ነው፤ እሱም አንድ እግሩ ያጥራል፣ ካርቶን አጥፋችሁ ከሥሩ አስገቡለት። የቀረውን አንድ ተኩል ለምን እንደያዝኩት እየሄድኩ እነግራችኋለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ወቀሳ ያለበት ጽሑፍ ስለሆነ ስም መጥራቱን አልወደድኩትም።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሚስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮ በቁጥር፣ ደረሰኝ በካርቦን። ቅዳሜና እሁድ ደሴ ወጥቼ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ እማራለሁ። ወጥቼ ያልኩት እንዲያው ለአፍ ልማድ አይደለም። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ታች በሸሚዝ ተሳፍሬ ላይ ስደርስ ጃኬት እደርባለሁ። ክረምት ላይ ሚኒባሱ ጉም ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ሲጮህ የመጣው ረዳትም ዝም ይላል፤ ያኔ ደሴ መድረሳችንን አውቃለሁ።

ሒሳብ ለሚማር ሰው ግጥም ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል፤ መደብር ውስጥም ይሉኛል። ነገሩ ከአያቴ ነው የመጣው። አምባሰል ተወልዳ ደሴ የተዳረች ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ግን ስትፈጭም፣ ቡና ስትቆላም፣ ለዱዓ ወዳጃ ላይ ተቀምጣም የምትለው አታጣም ነበር። ያረፈች ጊዜ ለሰደቃዋ ጥቂት ስንኝ ልጽፍ ብዬ ብዕር ባነሳ የራሷ እንጉርጉሮ እየመጣ አላስጽፍ አለኝ። እሱንም ቢሆን ግማሹን ነው የማውቀው፤ አንዱ ስንኝ አፌ ላይ አለ፣ መልሱ ጠፍቶኛል። አክስቶቼን ጠየቅኩ፣ እነሱም እንደኔው ናቸው። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው ከሒሳብ መጻሕፍቱ ትይዩ ወዳለው ጥግ የሄድኩት።

ጥጉ ባለ አምስት ደርብ የብረት መደርደሪያ ነው። ከአምስቱ ግጥም የያዘው ሁለት ተኩሉን ሲሆን የቀረው ልቦለድ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ አላስወጣ ቢለኝ ቆጠርኩት፦ የአማርኛ የግጥም መድብል 94 ቅጂ፣ ድግግሞሹ ሲወጣ 61 ርዕስ። የእንግሊዝኛው ግጥም 821 ላይ ለብቻው ተኮፍሶ ተቀምጧል፤ ወፋፍራም፣ በእርዳታ የመጣ፣ አብዛኛው ተከፍቶ የማያውቅ። የአማርኛው 892.8 ላይ ነው፤ ጀርባው የተሰባበረው፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረው እሱ ነው። የፀጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ሁለት ቅጂ አለ። የአንደኛው ሽፋን በፕላስተር ተይዟል፣ ከመሃሉም ሁለት ቅጠል ተገንጥሎ ተወስዷል። በ1966 ዓ.ም. የወጣ የግጥም መጽሐፍ ዛሬም ድረስ ገጽ የሚሰረቅበት ከሆነ ሌባውን ልርገመው ወይስ ላመስግነው አላውቅም። የደበበ ሰይፉ «የብርሃን ፍቅር» አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሪዘርቭ፣ ቤት የማይወጡት መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት። የዘንድሮዎቹ ወጣቶች መድብሎች አብዛኞቹ ራሳቸው ገጣሚዎቹ ፈርመው የሰጧቸው ናቸው፤ ውስጥ ገጻቸው ላይ «ለላይብረሪው፣ በአክብሮት» ይላል። ግጥም ገዝቶ ለማስገባት በጀት እንዳልተያዘ ከዚህ ወዲያ ምስክር አልፈልግም።

ካታሎጉን ደግሞ አታንሱብኝ። የመጀመሪያ ቀን «ፀጋዬ» ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ መጽሐፍ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ግን አራት እያየሁ ነው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ኮምፒውተሩ የፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ ጋር አንድ ነው ብሎ አያምንም፣ መዝጋቢዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደየእጃቸው ነው የመዘገቡት። ሥራዬ መቁጠር ስለሆነ ቆጠርኩት። ስሙ በፀም በጸም ይጀምራል። መድኅን የሚለው በሀሌታውም፣ በሐመሩም፣ በብዙኃኑም ይጻፋል። ገብረ መድኅን ተለያይቶም ተጋጥሞም ይገኛል። ሁለት በሦስት፣ ስድስት፤ በሁለት፣ አሥራ ሁለት። «ፀጋየ» ብሎ የጻፈም ስላለ ሃያ አራት። አንድ ባለቅኔ፣ ሃያ አራት ስም። «ሥነ ግጥም» ብሎ የፈለገና «ስነግጥም» ብሎ የፈለገ ሁለት የተለያየ ላይብረሪ ነው የሚገቡት።

ዘዴ አግኝቼለታለሁ። ስም ትታችሁ ከርዕሱ ውስጥ ሀም፣ ሰም፣ አም፣ ጸም የሌለባትን ቃል መርጣችሁ ጻፉ። «እሳት ወይ አበባ»ን ለማግኘት «ወይ» ነው የሚጻፈው። አልቀለድኩም፣ እኔ ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ስክሪኑን አይቶ «ወይ ምን?» አለኝ።

የፊደሉ ጣጣ እንግዲህ በዘዴ ታለፈ። ከዚያ የባሰብኝ አከፋፈሉ ነው። ላይብረሪው መጻሕፍቱን የሚመድበው በዲዊ ቁጥር ነው፤ ከ000 እስከ 999 እውቀትን ሁሉ በየክፍሉ በሚያስገባው። በዚያ ስሌት ግጥም ማለት ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ሥነ ጽሑፍ ማለት 800ዎቹ ናቸው። «መንዙማስ?» ብዬ ስጠይቅ 297 ተባልኩ፤ የእስልምና ክፍል፣ ፎቅ ላይ። ቅኔስ? 281፣ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር። ሁለት የቅኔ መጽሐፍ ደግሞ የግዕዝ ሰዋስው ናችሁ ተብለው 492.8 ላይ ተሰክተዋል። የሠርግ፣ የለቅሶና የደቦ ግጥም ያለው 398 ላይ፣ ከተረት ጋር። ስለ ዘፈን ግጥም የተጻፈው ደግሞ ከሙዚቃ ጋር ተሰዷል።

ያለነው እኮ ወሎ ነው! የቅኔ ቤት ሲነሳ ከዋሸራና ከጎንጅ እኩል የሚጠራው ዋድላ የወሎ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት ነው። በሌላ በኩል ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት አማርኛውን መንዙማ በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀም፣ የጻፉበት አገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብላችሁ አራቱን ቅኝት ስትቆጥሩ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው፤ ወደ አንዱ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ በየቀኑ መኪና ይወጣል። «ግጥም» የሚል ሰሌዳ ከተለጠፈበት መደርደሪያ ፊት ቆማችሁ ብትፈልጉ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታገኙም። ላይብረሪው ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ አምስት ቦታ፣ ሁለት ፎቅ ላይ ተበትኖ። ቁጥሩን መቀየር ከባድ ነው ይበሉ፣ እሺ። «መንዙማ የፈለገ 297፣ ቅኔ የፈለገ 281 ይሂድ» የሚል አንድ ወረቀት በማጣበቂያ መለጠፍ ግን ስብሰባ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ ጽፌ አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ጨምሬያለሁ። የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ብትን አንድ ላይ የሰበሰበው የጋሼ መዝገብ ነው።

ጋሼ ጡረታቸው የደረሰ፣ በጥርም በግንቦትም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። መዝገቡ ባለ ጠንካራ ሽፋን የሒሳብ መዝገብ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ዓይነት፣ ገቢና ወጪ ተብሎ የተሰመረ። ገቢ በሚለው ዓምድ ውስጥ የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝ ጽፈዋል፣ ወጪ በሚለው ደግሞ ግጥሙ የሚገኝበትን ቦታ። በፊደል ተራ ነው። ሦስቱም ሀዎች አንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ ሁለቱ ጸዎችም እንዲሁ፤ ኮምፒውተሩን ያቃተው ነገር በቢክ እስክሪብቶ አልቋል። ሰው ግጥም ሲፈልግ እኮ ርዕሱን አያስታውስም፣ የገጣሚውንም ስም አያስታውስም። «ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ የሚጀምረው» ነው የሚለው። እንዲህ እያለ የሚመጣው ተማሪ ሲበዛባቸው ነው መጻፍ የጀመሩት።

የቦታው ዓምድ ላይ 892.8 ብቻ አይደለም ያለው። 297 አለ፣ 281 አለ፣ «መመረቂያ፣ 3ኛ መደርደሪያ» የሚል አለ፣ «ካሴት» የሚልም አለ። አንዳንዱ ስንኝ በእርሳስ ተሰርዞ ከጎኑ «የለም» ይላል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የጠፉ መጻሕፍት ናቸው። መዝገቡ የተረፈው ያን ሰሞን ጋሼ ቤት ስለነበረ ነው። መጽሐፉ ሄዶ የመጀመሪያ ስንኙ ብቻ የቀረውን ግጥም ጣቴን እያስኬድኩ ስቆጥር ቆየሁና ከሠላሳ በኋላ ተውኩት። «ሌላው በብዕር ሆኖ ስረዛው ለምን በእርሳስ ሆነ?» ብላቸው፣ «መጽሐፉ የተገኘ ዕለት በላጲስ እንዳጠፋው ነዋ» አሉኝ። እውነትም ሁለት ቦታ ላይ የላጲስ ፋቅታ አይቻለሁ።

አያቴን ያገኘሁት በዚህ መዝገብ ነው።

«እስቲ የምታውቂውን በይው» አሉኝ።

«ጭጋጉ ቢገልጠው ጦሳ ብቅ አለልኝ።»

«ከዚያስ እታለም?»

«ከዚያማ እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ጨ ያለበትን ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ከላይ ወደ ታች ሄዱ። «ጭጋጉ ቢገልጠው የሚል አለ» አሉ፤ «ግን ያንቺው ጦሳ የለበትም፣ አምባሰል ነው የሚለው።» ወጪ ዓምድ ላይ የመመረቂያ ጥናት ቁጥር ነበር።

ስለ መመረቂያ ጥናቶቹ ክፍል እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ኮከብ የሰጠሁት በከንቱ አይደለምና። የአማርኛ ተማሪዎች በየጊዜው ለመመረቂያ የሠሯቸው፣ ጥቁር ሽፋን ያላቸው፣ ፊደሉ በወርቅ ቀለም የታተመ ጥራዞች ናቸው። ብዙዎቹ የየወረዳው ሥነ ቃል ላይ ነው የተሠሩት። መግቢያቸውን ዝለሉት፤ «ሥነ ቃል ማለት» ብሎ የሚጀምረው ገጽ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለበጥ የኖረ ነው፣ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አብሮ ተገልብጧል። ዓላማና ዘዴ የሚለውንም እለፉት። ሀብቱ ያለው መጨረሻ ላይ፣ አባሪው ውስጥ ነው። ተማሪው ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ገበያ፣ አዝመራ ላይ ቆሞ የለቀመው ግጥም እንዳለ እዚያ ተደርድሯል፣ ከነተናጋሪው ዕድሜና ከነመንደሩ። ማንም አሳታሚ ያላተመው ነገር ነው። ከሌላ ከተማ ለዚህ ብቻ ብትመጡ ኪሳራ የለውም። ድምፁም ያለበት ጊዜ አለ፤ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል፣ የጆሮ ማዳመጫው ግን በግራ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው።

ጋሼ የጠቆሙኝን ጥራዝ አወጣሁ። የውጫሌ ሴቶች የወፍጮ እንጉርጉሮ ላይ የተሠራ ነው። ተናጋሪዋ የሰባ ዓመት እናት። አባሪ ሁለት፣ ከላይ አራተኛው፦

ጭጋጉ ቢገልጠው አምባሰል ታየልኝ፣
የኔስ ሰው መቼ ነው ጉሙ ሚነሳልኝ።

የጠፋብኝ መልስ ይኸው። እንዲህ ሆኖ ሳየው ጨርሶ ጠፍቶብኝም አያውቅም ነበር፤ አክስቴ እንጀራ ስትጋግር «ጉሙ ሚነሳልኝ» እያለች ጫፉን ብቻ ስታዜም ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ከየት የተቆረጠ እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።

ለጋሼ ጦሳና አምባሰል ለምን እንደተለያዩ ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ተነስተው የብርሃኑ ገበየሁን «የአማርኛ ሥነ ግጥም» አመጡና ስለ ስንኝ ምጣኔ የሚለው ላይ ገልጠው አስቀመጡልኝ። የወል ቤት ይባላል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ቃሉ ሲቆረስ የሚወጣው የድምፅ ቁራጭ ማለት ነው። አምስት አምስት ከሆነ ሰንጎ መገን፣ አራት አራት ከሆነ ቡሄ በሉ፣ ስምንት ስምንት ከሆነ የፀጋዬ ቤት። «አሁን ቁጠሪው» አሉኝ። በደረሰኝ ጀርባ ላይ ቆጠርኩ።

አም፣ ባ፣ ሰል፣ ታ፣ የ፣ ልኝ። ስድስት።

አያቴ ደሴ ተዳረች። በሯን ስትከፍት የሚታያት አምባሰል መሆኑ ቀረና ጦሳ ሆነ። እንግዲህ የተራራውን ስም ቀየረች፤ ጦሳ ግን ሁለት ቀለም ነው፣ አምባሰል ሦስት። «ጦሳ ታየልኝ» ብትል አምስት ላይ ትቀራለች፣ ዜማው ያነክሳል። «ታየልኝ»ን ጣለችና «ብቅ አለልኝ» አለች። ጦ፣ ሳ፣ ብቅ፣ አ፣ ለ፣ ልኝ። ስድስት። የጎደላትን አንድ ቀለም ከግሡ ላይ ሞላችው፣ የቤት መምቻውን «ልኝ» ሳትነካ። ደግሞ ጦሳን ለሚያውቅ ሰው «ብቅ አለ» ከ«ታየ» ይሻላል። ጦሳ ዝም ብሎ አይታይም፤ ጠዋት ተሸፍኖ ይቆይና ድንገት ነው ከከተማው ራስ በላይ ብቅ የሚለው። እኔ ሒሳብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ካልኩሌተር ነው የምይዘው። እሷ ይህን የሠራችው እህል እየፈጨች ነው።

ለሰደቃዋ አልደረሰልኝም። ቢሆንም አክስቶቼን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፤ አንዷ አለቀሰች፣ ሌላዋ «አምባሰል የሚለውማ ስህተት ነው» ብላ ተቆጣች።

አሁን ወደ ወቀሳው። ቅዳሜ ላይብረሪው የሚከፈተው ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያ ከ7:30 እስከ 11:00 ነው። የእኛ ትምህርት የሚያልቀው 11:00። የምሳ ዕረፍታችን ከ6:30 እስከ 7:30፤ የእነሱም ምሳ ያው። እሁድ ዝግ ነው። ለኤክስቴንሽን ተማሪ ላይብረሪው የሚከፈተው እንግዲህ መምህር ሲቀር ነው ማለት ነው። እኔ መዝገቡን አንብቤ እዚህ የደረስኩት የታክስ መምህራችን አመል ረድቶኝ ነው። የክፍያ ደረሰኛችን ላይ ደግሞ «ላይብረሪ» የሚል መስመር አለ። ደረሰኝ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ መስመር አያመልጠኝም።

ውሰትም ያው ነው። ሌላው መጽሐፍ ለሰባት ቀን ቤት ይወጣል። ግጥም ስለሚጠፋ ተብሎ አብዛኛው ሪዘርቭ ገብቷል፤ መታወቂያ አስይዛችሁ እዚያው ተቀምጣችሁ ለሁለት ሰዓት። ልቦለድ በሁለት ሰዓት አይነበብም ተብሎ ቤት ይሰጣል፣ ግጥም ትንሽ ስለሆነ በሁለት ሰዓት ያልቃል ተብሎ ነው መሰለኝ። አንዲት ግጥም ይዤ ሁለት ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ የተመላለስኩበትን ጊዜ አውቃለሁ። እርግጥ የተገነጠለውን ገጽ ሳስብ ቆልፈው መያዛቸውን ልፈርድባቸው አልችልም። ቢያንስ ሁለት ቅጂ ያለውን አንዱን ቢለቁት ግን ምን ነበረበት?

ፎቶ ኮፒ ላይ ከጋሼ ጎን ነኝ። ጥቂት ገጽ ያስነሳሉ፣ ሙሉ መጽሐፍ ግን አይሰጡም። ተማሪው ይነጫነጫል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠብቀዋል። ፀጋዬ ያረፈው በ1998 ስለሆነ እስከ 2048 ማለት ነው። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ እስከዚያ አርጅቼ አልጨርስም?» ሲላቸው፣ «አብሽር፣ እስከዚያ በእጅህ ትገለብጠዋለህ» አሉት። እኔም የማደርገው ይህንን ነው። በእጅ የተገለበጠ ግጥም ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳትደርሱ በቃል ይያዛል።

ዲጂታል ክፍል የሚሉትን ብታልፉት አይቆጫችሁም። የእንግሊዝኛው ግጥም ሞልቷል። የአማርኛው ጥቂት ነው፣ እሱም ገጹን ይዞ ፎቶ ያነሳው ሰው አውራ ጣት በየገጹ አለበት።

በወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት ንባብ ክፍሉ ውስጥ የግጥም ሰዓት አለ። ሐሙስ ለሠራተኛ አይመችም፤ አንድ ጊዜ ታምሜአለሁ ብዬ ሄጄ ነበር፣ አሠሪዬ ይህን ካነበበ እንደሚተወኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ካነበቡት አሥራ አንዱ ስምንቱ ኢትዮጵያን እናቴ ብለው ጀመሩ። እናትየዋ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ልጆች ዝም በሉ፣ ልተኛበት ነበር የምትላቸው። ዘጠነኛው ላይ መብራት ጠፋና ማይኩ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያማረው። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋጋ፤ የበሩ ጥበቃ ዱላቸውን መዝጊያው ላይ አስደግፈው ገቡና ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን መንዙማ አንድ አዝማች አሉ። ከፊት የተቀመጡት የዲያቆን ልጆች ሳይቀሩ ተቀበሉ። ጨለማ ስለነበረ አንዲት ልጅ በስልኳ መብራት የራሷን ግጥም አነበበች፤ ስለ ባጃጅ ሾፌር ወንድሟ ነው፣ ኢትዮጵያም እናትም የለበትም፣ ከሁሉ የበለጠው እሱ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሰው ሁሉ «ኤጭ» አለ።

የኮሌጁ ተማሪ ያልሆነ ሰው መግባት ይችላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ወይም ከቀበሌው የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይገባል። ጋቢ ያዙ። ውስጡ ከውጭ ይበርዳል። መዝገቡ መደርደሪያ ላይ አይገኝም፣ ካታሎግም ውስጥ የለም፤ ጋሼን ነው መጠየቅ። ጋሼ ምሳ ከሆኑ ጠብቁ፣ ሌላው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም፣ መሳቢያው የተቆለፈ ነው። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ መዝገቡ የማን ይሆናል ብዬ ጠይቄ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። አንድ ሰው ቢያንስ ስልኩን አውጥቶ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሳው፤ የሚፈቅዱልኝ ከሆነ እኔ አነሳዋለሁ ብዬ አመልክቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የታክስ መምህራችን እንደ አመሉ ቀረ። ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። ስገባ መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥተው ጨ ገጽ ላይ ከፈቱ። «ያያትሽን በይልኝ» አሉ። አልኩላቸው። ከአምባሰሉ ሥር፣ ገቢ የሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ጭጋጉ ቢገልጠው ጦሳ ብቅ አለልኝ ብለው ጻፉ። ወደ ወጪው ዓምድ ሲሻገሩ እስክሪብቶውን አንስተው አዩኝ።

«ቦታው የት ይባል?»

«መጽሐፍ ላይ የለም እኮ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የፈለገ ሰው የት ይሂድ ነው የምልሽ።»

አሰብኩ። ጋሼ ግን እኔን አልጠበቁም፤ «ኮምቦልቻ፣ ሕንፃ መሣሪያ፣ ካሸሯ ጋ» ብለው ጻፉት፣ በብዕር።